ይቆይ የተባለው ዜና

ግንቦት 19

ለችኩሉ፣

ንግግሩን እኔ አልጻፍኩትም። በከተማው የሚወራው ይህ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር። ባለፈው ሳምንት በምክር ቤት ቆመህ የራዲዮ ጣቢያችን የመንግሥት ድጎማ ይቋረጥ ያልክበትን ንግግር «ቀይ እርሳስ ናት የጻፈችለት፤ በዋናው ከተማ ቤት ተሰጥቷታል» ይላሉ። ቤት አልተሰጠኝም። የምኖረው አንተ በምታውቃት ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነው፤ ጣሪያዋም እንደ ድሮው ከበሩ በላይ ያፈሳል። ንግግሩንም አልጻፍኩትም። አረምኩት። በመጻፍና በማረም መካከል ያለውን ልዩነት ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለገበያው ሕዝብ ግን ማን ያስረዳልኝ?

ያደረግኩትን በትክክል ላስቀምጥ። ሰባት ገጽ ላክህልኝ፤ ሦስት ገጽ አድርጌ መለስኩልህ። ስለ ሌሎች አገሮች ልምድ የሚያወራውን ክፍል በሙሉ አወጣሁት፤ ከየት እንደገለበጥከው አላወቅኩም፣ አንተም የምታውቅ አትመስልም። «ከዚህ አንጻር» የሚለውን አሥራ አንድ ቦታ ሰረዝኩ። አምስተኛው ገጽ ላይ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ተደብቀው ነበር። «ይህን ራዲዮ ሃያ ዓመት አዳምጬዋለሁ። እኛን ሹማምንቱን ያስከፋበት አንድ ቀን ትዝ አይለኝም።» እነሱን ከተደበቁበት አንስቼ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ እንደ ልማዴ በቀኝ ጥግ በቀይ «ይውጣ» ብዬ ጽፌ ፖስታ ቤት ወሰድኩት።

ቃላቱ ያንተ ናቸው፤ ቦታቸው የእኔ ነው። አዳራሹን በጭብጨባ ያናጋው ቦታቸው መሆኑን ግን አልክድም። በቀጥታ ስርጭት ሰምቼዋለሁ፤ ያስተላለፍነውም እኛው ነን።

ተቀይሜህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ጽሑፍን መቀየም አልተማርኩም። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆነህ ለልምምድ ጣቢያው ከገባህ ጀምሮ ከእጅህ የወጣ ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ አልፏል። የሠርግህ መጥሪያ፣ የምርጫ ቅስቀሳህ፣ እናትህን የቀበርክ ዕለት ያነበብከው ቃል፣ ሁሉም። ይኸኛውም መጣ፤ እጄ አላርፍ አለኝ፤ አረምኩት። ስለ ማን እንደሚያወራ ያስተዋልኩት ፖስታውን ካሸግኩ በኋላ ነው ብል ደስ ይልህ ነበር። ውሸት ይሆናል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አውቄ ነው።

ወሬው የወጣው ከቴክኒሻኑ ነው፤ ረቂቅህን ጣቢያው ውስጥ ሳርም አይቶኛል። አልፈርድበትም። ድጎማው ካልጸደቀ ሰኔ 30 የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝም ጠዋት ጠዋት የመልእክት ሰዓቱን የማነበው እኔ ነኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት እሱ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ዓይኔን አይቶ ድምፄን ይለቅ ነበር። አሁን ዓይኔን አያይም። ጣቱን ብቻ ያነሳል።

ሌላም የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ለዛሬ ይቅር።

ደህና ሁን። ይህን ቀስ ብለህ አንብበው።

እትዬህ

ግንቦት 27

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? ያ ጣሪያስ፣ አሁንም ከበሩ በላይ ነው የሚያፈሰው? ሰላምታዬ ከደብዳቤው ረዘመ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይህን አንድ ነገር ግን አይሰርዙብኝ። እዚህ ከተማ ጉልበቱን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ረቂቁን የላክሁት እንዲያርሙት አልነበረም። እንዲቀድዱት ነበር። «አንተ ባለጌ፣ ያሳደገህን ቤት ልታፈርስ ነው?» የሚል አንድ መስመር ብቻ ቢጽፉልኝ፣ እምልልዎታለሁ፣ እተወው ነበር። ሳምንት ሙሉ ቁጣዎን ጠበቅሁ። የመጣልኝ ቀይ እርሳስ ነው። ጥጉ ላይ «ይውጣ» የሚለውን ሳይ፣ እትዬ ይውጣ ካሉ ልክ ነኝ ማለት ነው አልኩ። ተነስቼ አነበብኩት።

ለምን እንደጻፍኩት እርስዎ ያውቃሉ። እነዚህ ያጨበጨቡት ግን አያውቁም። አንዱ የሚያጨበጭበው ወንድሙ የዘፈንና የሎተሪ ጣቢያ ስላለው ነው። ከኋላዬ የሚቀመጠው «በዚህ ዘመን ራዲዮ ማን ይሰማል፣ ሁሉ ስልክ አለው» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ይሳቁ እንግዲህ፣ ራዲዮኗ አፏ በጣም ተከፍቷል ባይ ነው። እኔ እንዲስተካከል ነበር የፈለግኩት፤ እነሱ እንዲዘጋ ነው የሰሙት። ድምፅ የሚሰጠው ሰኔ 20 ነው። ዛሬ ቢሆን ይዘጋል።

የምኖርበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ባለቤቴና ልጆቹ ትምህርት እስኪዘጋ እዚያው እኛ ከተማ ቀርተዋል። ክፍሌ ውስጥ ጣቢያችን አይገባም። ትናንት በማለዳ ትንሿን ራዲዮ ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ እንዲደርቁ የተሰጡ አንሶላዎች መሃል ቆሜ አንቴናዋን ሳዞር ሳዞር፣ ከፍርፍርታው ውስጥ ድምፅዎ መጣ። የወንዙን ልክ ያነቡ ነበር፤ ሁለት ሜትር ከአርባ። እዚህ ሆኜ የወንዙ ልክ ምን ያደርግልኛል? ግን እስኪያልቅ ቆሜ ሰማሁት።

ነገሩን መመለስ እፈልጋለሁ። በድምፅ መስጫው ቀን ሁለተኛ የመናገር ዕድል አለኝ። ሰዎቹን የሚመልሳቸው ግን ባዶ ልመና አይደለም። የድልድዩን ነገር መናገር አለብኝ። ይፈቅዱልኛል?

ሁሌም የእርስዎው
ችኩሉ

ሰኔ 3

ለችኩሉ፣

አይሆንም። የጠየቅከኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አንድ ቃል ነው። የድልድዩን ነገር አትናገር።

ለምን አልቀደዱትም ላልከው፣ ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። የተማርኩት ቀለም ባንጠባጠበ ልጅ እጅ ላይ ማስመሪያ በሚያርፍበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሰው ጽሑፍ ሲሰጡህ ሐሳቡን ትወደዋለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። «አጥራው» ትባላለህ፤ ታጠራዋለህ። አንተ እናት ፈልገህ ለአርታኢ ጻፍክ። ጥፋቱ የማንኛችን እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።

ሁሉ ሰው ስልክ አለው ለሚለው ሰውዬህ ይህን ንገረው። ወንዙ ከሚታጠፍበት በታች ስልክ አይሠራም። ጀልባ ቀዛፊዎቹ ጠዋት ውሃው ውስጥ የሚገቡትም የማይገቡትም እኔ ያነበብኩትን ልክ ሰምተው ነው። ትናንት ከወንዙ ልክ ቀጥሎ ያነበብኩትንም ልጻፍልህ። የዓይን ሐኪሙ ማክሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ነው የሚመጣው። ከሆስፒታል፣ ሕፃኑ ተሽሎታል፣ አባቱ መጥቶ ይውሰደን። የጠፋው ግራጫ በሬ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ውስጥ ሰላም ነው፤ ባለቤቱ ቶሎ ይምጣ፣ የመምህራኑን ጎመን ጨርሷል። ይህን ለማስነበብ ማን ይከፍላል? ሳሙና ሻጩ? የሎተሪው ሰው?

የሞት መልእክት ሲመጣም እንደ ድሮው ነው። የቅርብ ዘመድ በሰው አፍ መስማቱን ሳናረጋግጥ አናነብም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንዲት ሴት የባሏን ሞት ሽንኩርት እየላጠች ከእኔ ድምፅ ከሰማች በኋላ። ቤተሰብ ይቀድማል፣ አየር ይከተላል። የሎተሪ ጣቢያው ይህን ደንብ ይወስደዋል ብለህ ነው?

እኔ ደህና ነኝ። ከፕሮግራሙ በኋላ ሻይ ቤት እገባለሁ፤ በጠረጴዛዬ ግን የሚቀመጥ የለም። ትናንት የልብስ ሰፊው ሚስት ሰው ሁሉ እየሰማ «እትዬ፣ ቤቱ ስንት ክፍል ነው?» አለችኝ።

«አንድ» አልኳት። «እሱም ያፈሳል።»

ሳቁ። አላመኑኝም። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ፤ ቶሎ ብወጣ ሸሸች እንዳይሉኝ።

ሳይለወጥ የቀረው ፖስተኛው ብቻ ነው። እንደምታውቀው ያነክሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ይብስበታል። ደጃፌ ላይ ሲደርስ ታጣፊዋን ወንበር አወጣለታለሁ። «ከተቀመጥኩ አልነሳም፣ እትዬ» ይልና ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ያንተን ደብዳቤ ሲሰጠኝ «ያ ልጅ ራዲዮኗን ሊዘጋት ነው አሉ። እኔ ጠዋት በማን ድምፅ ልነቃ ነው?» አለኝ።

ወንበሯን አጥፌ ገባሁ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

እትዬህ

ሰኔ 7

ለችኩሉ፣

መልስህን ሳልጠብቅ እየጻፍኩ ነው፤ ልማዴ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ያለፈው ደብዳቤዬ ጎዶሎ ነበር። አንዲት ቃል የጎደለችበትን ገጽ ልኬ እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ይህ ደግሞ ከቃል ይበልጣል።

የድልድዩን ነገር ግማሹን ታውቃለህ። ግማሹን እኔ ነኝ የማውቀው።

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የአራት መስመር ዜና ይዘህ መጣህ። የእግረኛው ድልድይ ሁለተኛው ምሰሶ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። እጅህን አስገብተህ ስላየህ ክንድህ እስከ ክርንህ በጭቃ ተለውሶ ነበር። የሚታረም ያጣሁበት የመጀመሪያ ጽሑፍህ ነው። በደንባችን መሠረት ለማረጋገጥ ድልድዩን ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ደወልን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። አንተ ክንድህን ልትታጠብ ወጥተህ ነበር፤ ስለዚህ የተባልኩትን አልሰማህም።

ደዋዩ ጨዋ ሰው ነበር። ስለ ድልድዩ ትንፍሽ አላለም። ጤናዬን ጠየቀኝ። «በጀታችሁ በዚህ ሳምንት ይወሰናል» አለኝ። «ሳምንቱን ሁላችንም ጥሩ ጥሩውን እየሰማን ብናሳልፈው መልካም ነው።» ለባልደረቦችሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ ብሎ ዘጋው። ያን ጊዜ ዋና አርታኢ ነበርኩ፤ አሥራ አራት ሠራተኞች ነበሩን። ቀይ እርሳሱን አንስቼ በዜናህ ጥግ ላይ «ይቆይ» ብዬ ጻፍኩ። ለአንተ «ማረጋገጫ ይጎድለዋል» አልኩህ።

ማንም አላዘዘኝም። ይህን ለራሴ አሥራ ስምንት ዓመት ስደግመው ኖሬአለሁ። ትክክል ነው፤ ምንም አይጠቅመኝም።

በሦስተኛው ቀን ድልድዩ ወደቀ። ላዩ ላይ የነበረው ፖስተኛው ነው። ዳሌው ተሰበረ፤ ደብዳቤዎቹ እየተንሳፈፉ ሄዱ። መሥሪያ ቤቱም ስለ ደብዳቤዎቹ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። በማግስቱ ዜናውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «የአደጋው መንስኤ በመጣራት ላይ ይገኛል» ብዬ አነበብኩ፤ ያንተ ወረቀት በጉልበቴ አጠገብ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ከመስታወቱ ማዶ ቆመህ ታየኝ ነበር። በዓመቱ ለቀህ ሄድክ፤ ረቂቆችህን መላክ ግን አልተውክም። ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም።

እንግዲህ ለምን አልቀደድኩትም ላልከው ሙሉው መልስ ይኸውልህ። እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወደ ፊት ያመጣኋቸው እውነት ስለሆኑ ነው። ሹማምንቱ ሳይከፉ የኖሩት በእኔ እጅ ነው። ሌላ ሰው ሲለው ስሰማ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። የጣቢያው ሠራተኞች እንጂ እኔ እንደማልከፍልበት ረሳሁት።

ስለዚህ ይህን ተናገር። በበጀት ሳምንት ስልክ ተደውሎ አንድ ዜና ቀርቷል። ያስቀረሁትም እኔ ነኝ፤ በዚህ አትዘንልኝ። ድጎማውን ቁረጡ አትበል፤ ስልኩን ቁረጡ በል። ገንዘቡ ለስድስት ዓመት አንድ ጊዜ በሕግ ይወሰን፤ በየዓመቱ አንገታችንን ደፍተን የምንጠብቅበት ሳምንት ከሌለ የሚደውልም ሰው ምን ይዞ ይደውላል?

ዜናው የድልድዩ መሆኑን ግን አታንሳ። ፖስተኛው ራዲዮ ይሰማል። የእሱ ነገር ነው፤ ከእኔ አፍ ሳይሰማ ከአየር ላይ መስማት የለበትም። እስካሁን ለምን አልነገሩትም ትለኝ ይሆናል። በየሳምንቱ ይመጣል። «ድልድዩን የጣልኩት እኮ እኔ ነኝ፤ ቦርሳዬ ከብዶ» ይላል። ይስቃል። እኔም አብሬው ፈገግ እላለሁ።

እትዬህ

ሰኔ 14

እትዬ፣

ሰላምታዬን አሳጠርኩ፤ ይገረሙ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እንዳዘዙኝ ቀስ ብዬ።

ረቂቆቼን ለምን እንደምልክ ጠይቀው አያውቁም፤ ሳይጠየቅ ልመልስ። አንድ ቀን ከሚመለሱልኝ ወረቀቶች ጋር ስለዚያች ዜና አንድ መስመር ይጽፉልኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። ፖስታውን ስከፍት ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ያንን ነው። ዘንድሮ መጣልኝ።

ይህን ንግግር ግን አልልክልዎትም። አይቆጡኝ። ባሸንፍ «ቀይ እርሳስ ናት የጻፈችለት» ይላሉ፤ ብሸነፍ ደግሞ እርስዎን ነው የሚያነሱት። የመጀመሪያውን በእርስዎ እጅ ነው ያቆምኩት፤ ይህኛው በራሱ እግር ይቁም።

መተላለፊያው ላይ እስካሁን «ጀግናው መጣ» እያሉ ትከሻዬን ይመቱኛል። ትናንት ሐሳቤን ለአንድ ነባር አባል አጫወትኩት። መነጽሩን አወለቀ። «አንተ ሰው፣ ባለፈው ግደሉት ብለህ አሁን አስታምሙት ትላለህ? ምን ነካህ?» አለኝ።

«የበፊቱ ገና ግማሽ ነበር» አልኩት።

«ታዲያ ያን ግማሽ ማን ጻፈልህ? እንዴት ያለ ንግግር ነበር!»

«ራዲዮኗ ራሷ ናት ያረመችልኝ» አልኩት። አብረውት የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ፖስተኛውን ሰላም ይበሉልኝ። ወይም ይተዉት፣ አይበሉልኝ። እርስዎ የመሰለዎትን።

ችኩሉ

ሰኔ 21

ለችኩሉ፣

ሰማሁት። ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ፈጥነሃል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ሳያገኝ አራተኛው ተነሳ። «ስልኩን ቁረጡ» የምትለዋን መሃል ላይ ቀብረሃታል፤ ሰው ሲያስል አለፈች። «ከዚህ አንጻር» ሁለት ጊዜ ብለሃል። ስለ እኔ ስታነሳ ድምፅህ ተሰበረ፤ አፈ ጉባኤው ውሃ ይሰጠው አለ። ቀይ እርሳሱ እጄ ላይ ነበር። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ አዳመጥኩህ፤ ጽሑፍን እንዲህ ሳዳምጥ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በሰባት ድምፅ ተሸነፍክ። ልኬልዎት ቢሆን ኖሮ ያሸንፍ ነበር ወይ ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ይኸኔ ጽፈኸው ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው። ይህን ጥያቄ አልመልስልህም። አንተም አትመልሰው።

የሎተሪ ጣቢያው ባለቤት ወንድም «ራሳቸው አመኑ እኮ! ይህን ነው ስንል የነበረው» ብሎ ሲናገር ሰምቻለሁ። ኑዛዜዬን አንተ ለመድኃኒት ሰጠሃቸው፣ እነሱ ለመቅበሪያ ተጠቀሙበት። ይህም ሊሆን እንደሚችል ስጽፍልህ ገምቼ ነበር። በዚህ ራስህን አትብላ።

ስርጭቱ ሲያልቅ ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን አውልቆ በመስታወቱ በኩል አየኝ። ከወር በኋላ የመጀመሪያው ነው። በሩን ከፍቶ ገባ።

«ስልኩን ያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ነበር ዜናው?»

«ይቆይ» አልኩት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። እሱ ግን ወጥቶ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ተመለሰ፤ አንዱን ፊቴ አስቀመጠ። ለሦስት ልጆቹ ምን እንደሚነግራቸው አልጠየቅኩትም። ሻዩን ጠጣን።

ገበያው አሁን ደግሞ «ለጣቢያው ብላ ራሷን ሠዋች» ይላል አሉ። እሱም ትክክል አይደለም። ለማረም ግን ጉልበት አጣሁ።

እትዬህ

ሰኔ 29

ለችኩሉ፣

በመጨረሻው ቀን ምን እንደማነብ ጠይቀሃል።

የጣቢያው ኃላፊ የስንብት ቃል ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ሁለት ገጽ ነው። «ላለፉት ዓመታት በታማኝነት» ብሎ ይጀምራል። አንድ መስመር አድርጌ መለስኩለት። «ከነገ ጀምሮ የወንዙን ልክ ከዚህ አትሰሙም፤ ውሃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ወንዙ ዳር የመለኪያው እንጨት ላይ ያለውን ቁጥር ራሳችሁ እዩ።» ተናዷል። ይናደድ። ሰዎቹ ማወቅ ያለባቸው ይህን ነው።

ጣቢያው ግማሹ ተነቅሏል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የለጠፍናቸውን የእንቁላል ካርቶኖች ቴክኒሻኑ አንድ በአንድ እያወረደ ይደረድራል፤ ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ድምፄ ባዶው ግድግዳ ላይ ተመትቶ ይመለስብኛል፤ ሌላ አሮጊት ከኋላዬ የምትደግመው ይመስላል። ከበሩ በላይ ያለችው የስርጭት ቀይ አምፖል ግን አለች፤ እሷን ነገ ካነበብኩ በኋላ እንዲነቅላት ለምኜዋለሁ።

እንግዲህ የማነበው ይህ ነው። መጀመሪያ የወንዙን ልክ፤ ዛሬ ሦስት ሜትር ከአሥር ነበር፣ ዝናቡ ጠንክሯል። ቀጥሎ መልእክቶቹን፤ ሰው የመጨረሻ መሆኑን ስለሰማ ሰላሳ ስድስት መልእክት መጥቷል፣ ግማሹ «ደህና ነን» ብቻ ነው የሚለው። ከዚያ አራት መስመር።

ወረቀትህን ከመዝገበ ቃላቱ ውስጥ አወጣሁት፤ ጡረታ ወጥቼ መሳቢያውን ለጣቢያው ስመልስ እዚያ ነው ያስገባሁት። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ የአውራ ጣትህ ጭቃ ታችኛው ጥግ ላይ እስካሁን አለ። ደጋግሜ አነበብኩት። አሁንም የሚታረም የለውም። ቀኑን አልለውጥም፤ አሥራ ስምንት ዓመት እንደዘገየና ማን እንዳዘገየው ግን አስቀድሜ እናገራለሁ። «ይቆይ» የሚለውን ዛሬ ከቀትር በኋላ ሰረዝኩት። «ይውጣ» ብዬ ጻፍኩበት። ፊደሉ አላማረም፤ ይሁን፣ ድጋሚ አልጽፈውም።

ልምጣ ወይ ብለሃል። መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ ይህ ደብዳቤም ከነገ በኋላ ነው የሚደርስህ፣ ስለዚህ መልሱ አይጠቅምህም። ግን አውቅሃለሁ፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጣሪያው ላይ ትሆናለህ፤ አንሶላዎቹ መሃል። ድምፄ ከፍርፍርታው ውስጥ ቢጠፋብህ አንቴናዋን አታንገላታት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጠዋት እንዴት እንደማሳልፈው አላውቅም። አሥር ተኩል ላይ መነቃቴ አይቀርም፤ የምነቃለት ነገር ግን አይኖርም። ደብዳቤ ጻፍልኝ። ረቂቅ ሳይሆን ደብዳቤ። ሰላምታውን እንደፈለግክ አርዝመው።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። አሥር ተኩል ላይ እነሳለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ፤ ድምፄ እንዲከፈት ሙቅ ውሃ እጠጣለሁ። ቀይ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ። ወረቀቱን በኪሴ እይዛለሁ። መንገዱ ሲለይ ወደ ጣቢያው አልታጠፍም፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል አድርጌ፣ ፖስተኛው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን አንኳኳለሁ። እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ታጣፊዋን ወንበር ከቤቴ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ይህን ቆሞ እንዲሰማኝ አልፈልግም።

እትዬህ